መጀመሪያ ዋጪ፣ ከዚያ አልቅሺ

የሲስተር ሙሉን ሞት የሰማሁት ምሳ እየበላሁ ነው። የእህቷ ልጅ ከድሬዳዋ ደወለችና «እትዬ አስቴር፣ ሲስተር አረፈች» አለችኝ። አፌ ውስጥ ሽሮ በእንጀራ ጎርሻለሁ። የታወቅሁ ጯሂ ነኝ፣ ሰፈሩ ይመስክር፤ ለትንሹም ለትልቁም «ዋይ!» ማለት ልማዴ ነው። ያን ቀን ግን አልጮህኩም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ አደረግኩ፣ የጎረስኩትን ዋጥኩ፣ «አ» ብዬ ድምፄን ሞከርኩ። ከዚያ በኋላ ነው «ዋይ! ዋይ እህቴን!» ያልኩት። ልጅቷ በስልኩ ውስጥ «ምን ሆኑ? ዝም አሉኝ እኮ!» ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት? አክስቷ ያስተማረችኝን ነው ያደረግኩት። ሰው እህል አፉ ውስጥ እያለ አያወራም፣ አይስቅም፣ አያለቅስም። «መጀመሪያ ዋጪ፣ ከዚያ አልቅሺ» ትል ነበር።

በሰላም ነው የሄደችው። ጡረታ ወጥታ ድሬዳዋ እህቷ ቤት ገብታ ነበር፤ አንድ ጠዋት ሻይዋን ጠጥታ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች እንዳለች እንደ እንቅልፍ ወሰዳት አሉኝ። «ሻዩን ጨርሳው ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። «ጨርሳ፣ ብርጭቆውን አስቀምጣ ነው» አለችኝ ልጅቷ። በእንባዬ መሃል ሳቄ መጣ። ሲስተር ሙሉ አፏ ውስጥ ነገር ይዛ የምትሞት ሴት አልነበረችም።

እኛ የተዋወቅነው ጅግጅጋ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ እሷ ነርስ፣ እኔ አስታማሚ። አጠር ያለች፣ ሞላ ያለች፣ ስትራመድ ነጠላ ጫማዋ ቀድሟት የሚሰማ ሴት ነበረች። ሰዓቷን አዙራ በእጇ አንጓ በውስጥ በኩል ነው የምታስረው። ጋውኗ ኪስ ውስጥ በፋሻ የተጠቀለለች የሻይ ማንኪያ አትጠፋም፤ ሌላው ነርስ እስኪርቢቶ በሚሰካበት ቦታ እሷ ማንኪያ ትሰካለች። ሶማሊኛ ትናገር ነበር፣ ግን በወሎ ዜማ። ሽማግሌዎቹ ሲሰሟት ይስቁና ያለችውን ያደርጋሉ። እኔም ብሆን የወደድኳት ውዬ አድሬ ነው እንጂ መጀመሪያ ቀንማ አንገት ለአንገት ተናንቀናል ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ተሾመ እዚሁ ጅግጅጋ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ከሹፌር ጋር ሲጯጯህ የሚውል ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጉርሻ ሰው ነው። ማዕድ ላይ የቀረበ ሁሉ፣ የሚያውቀውም የማያውቀውም፣ ሳይጎርስ አይነሳም። ጉርሻውም ጉርሻ እንዳይመስላችሁ፣ ልጆቻችን «አባዬ ትራስ አጎረሰኝ» እያሉ ነው ያደጉት። ይህ ሰው ኮሮና ጋብ ካለ በኋላ ባለው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ሱቁ ውስጥ ቆሞ እያወራ አፉ ጠመመ። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ስትሮክ ነው አሉን። የልጃችን የሜሮን ሰርግ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ነበር።

ሆስፒታል በገባ ማግስት መድኃኒት ልገዛ ወጣ ብዬ ስመለስ፣ የተሾመ ታላቅ እህት እትዬ ወርቄ ከባቢሌ ደርሳለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላለች፣ የምግብ ሰሃኗ ጭኗ ላይ ነው። እሱ ተንጋሏል። «በሞቴ!» ትለዋለች፣ «ከባቢሌ ድረስ ይዤልህ መጥቼ! አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ!» ተሾመ በሕይወቱ ጉርሻ እምቢ ብሎ አያውቅም። በዚያ በጠመመ አፉ ጎረሰ፣ ዋጠ። አልሳለም። ትን እንኳ አላለውም። ዓይኑ ብቻ ትንሽ እንባ አቀረረ። እትዬ ወርቄ ወደ እኔ ዞራ «አየሽ አስቱ፣ ወንድሜ እኮ ደህና ነው!» አለችና፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ጠቀለለች።

ሁለተኛው ጉርሻ አየር ላይ እንዳለ ነው ሲስተር ሙሉ ከወዲያኛው የክፍሉ ጫፍ ደርሳ እጇን ቀጨም ያደረገችው። «እጅሽን መልሺ!» አለቻት። ተሾመን ብድግ አድርጋ አስቀመጠችው፣ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠግታ «አ በል» አለችው። «አ…» አለ። ድምፁ ውሃ የሞላ ጀሪካን ውስጥ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። ወዲያው በመምጠጫ ማሽን ጉሮሮውን መጠጠችለት። እትዬ ወርቄ ጉርሻዋን እንደያዘች ግድግዳ ጥግ ቆመች።

እኔ እንግዲህ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል?» አልኳት። «ያጎረሰችው የናቱ ልጅ ናት እንጂ ጠላቱ አይደለችም! ትን እንኳ አላለውም!»

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው» አለች። «ትን አለማለቱ።»

ወይ ጉድ፣ ሰው አልሳለም ብላ የምትቆጣ ነርስ! እብድ ናት ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ ግን ተሾመ በትኩሳት ነደደ። እህሉ በምግብ መንገድ ሳይሆን በትንፋሽ መንገድ ወርዶ ሳንባውን መርዞታል፤ የሳንባ ምች ይዞታል አሉን። በአፍንጫው ቱቦ ገባለት፣ ምግቡም መድኃኒቱም በዚያ ሆነ። ትኩሳቱ በመድኃኒት ሲበርድለት መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? በደህናው እጁ የቀለበት ጣቱን ነካ፣ ቀጥሎ ቱቦውን ነካ፣ ከዚያ እጁን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። ሁላችንም ገባን። ይህን አፍንጫዬ ላይ አንጠልጥዬ ልጄ ሰርግ ላይ አልቀመጥም ማለቱ ነው። ሰው ሲያጎርስ የኖረ አባት፣ ልጁ ሞሰብ ላይ በቱቦ ሊመገብ! ያኔ ያለቀስኩትን ለቅሶ እግዜር ብቻ ያውቀዋል።

ሲስተር ሙሉ ጎትታ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ዝም በይ፣ ምራቅሽን ዋጪ» አለችና የራሴን ጣቶች ይዛ ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈቻቸው።

«ምን ተሰማሽ?»

«ወደ ላይ ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ።»

«እሱ ማንቁርትሽ ነው። የትንፋሽ ቧንቧሽ ከፊት ነው፣ የምግቡ ከኋላ። እህል እንግዲህ የትንፋሹን በር አልፎ ነው ወደ ኋላ የሚሻገረው። ስትውጪ ማንቁርትሽ ወደ ላይ ብድግ ይላል፣ ቅጠል የመሰለች ክዳን ትደፋበታለች፣ ከስሯ የድምፅሽ አውታሮች ግጥም ብለው ይዘጋሉ። ትንፋሽሽ ቀጥ ትላለች። እህሉ ሲያልፍ በሩ ይከፈትና ትንፋሽሽ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ጠርዝ ላይ የቀረ ፍርፋሪ ካለ ጠርጋው ትሄዳለች። ይሄ ሁሉ በዓይን ጥቅሻ ነው። አንቺ ግን ዕድሜ ልክሽን ስትውጪ አንድ ቀን አስበሽው ታውቂያለሽ?»

ኧረ እኔ ምን አውቄ! ደግሜ ዋጥኩ። ደግሜ ብድግ አለ። የራሴ አንገት ውስጥ እንዲህ ያለ ስራ ሲሰራ ኖሮ አለማወቄ አስገረመኝ።

«የባቢሌን መንገድ ታውቂው የለ?» አለች ቀጥላ። «ኬላው ላይ ገመድ የሚዘረጋ ፈታሽ አለ። ተሾመን የያዘው በሽታ ፈታሹን አስተኛው። ነቅቶ ገመዱን እስኪዘረጋ መኪናው ገብቷል። ውሃ ደግሞ ባጃጅ ነው፣ ሹልክ ይላል። ወፈር ያለ አጥሚት ግን ጭነት የያዘ አይሱዙ ነው፣ እያዘገመ ነው የሚመጣ፤ ፈታሹ ቢያዘግምም ይደርስበታል።»

«ሳሉስ?»

«ሳል የፈታሹ ጩኸት ነዋ! የተሾመ ፈታሽ እንቅልፉ ከብዶ መጮህም ትቷል። ጉሮሮው ግን ሰነፈ እንጂ አልሞተም፤ እንቀሰቅሰዋለን።»

እኔ እስከዚያ ቀን ውሃ ለታመመ ሰው ይጎዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሷ ግን «የድሮ ሰዎች ያውቁታል እኮ» ትል ነበር። «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፣ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? ብለው የለም እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ የክፍሉን ሕግ በደንብ ተማርኩ። ጠያቂ ሲመጣ ሲስተር ሙሉ በር ላይ ቆማ ሰሃኑን በዓይኗ ትፈትሻለች። ጉርሻ የለም። ተንጋሎ መብላት የለም። የበሽተኛ አፍ ሳይጸዳ ማንኪያ አይቀርብም። አንዱ ዘመድ «በሞቴ!» ካለ ደግሞ አለቀለት፤ «እዚህ ክፍል በሞቴ አይባልም! ሞት ሳይጠሩትም ያውቀዋል ቤቱን!» ትለዋለች። ሰው ይፈራታል። ጠያቂ ሁሉ ብርቱካኑን መሬት አስቀምጦ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። አስተውሉ እንጂ፣ ባገራችን ፍቅር የሚገለጸው በእጅ ነው፤ እጁን የታሰረ ዘመድ ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። ቁጭ ብሎ የተሾመን እግር ያሻል።

ትምህርቱ ተጀመረ። ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ሲስተር ማንኪያዋን ከፋሻው ታወጣለች፣ እንደ እርጎ የወፈረ አጥሚት ጫፏ ላይ ትይዛለች። «አንገትህን ድፋ» ትለዋለች። «አንገት ደፊ አገር አጥፊ ነው ይላሉ፤ እኔ ክፍል ውስጥ ግን አንገት ደፊ ሳንባውን አዳኝ ነው። ትንፋሽህን ያዝ። ዋጥ። ጉሮሮህን ጥረግ። ደግመህ ዋጥ። አ በል!» አ ካላለ ቀጣዩ ማንኪያ አይመጣም። ድምፁ እርጥብ ከሆነ ለዚያ ቀን አበቃ።

አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ አዴር ኑር የሚባሉ ከደገሀቡር የመጡ የግመል ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸውም እንደ ተሾመ ናቸው። የሳቸው ችግር የግመል ወተት ነው። ልጆቻቸው በጀሪካን ያመጡላቸዋል፣ ሲስተር ትመልሰዋለች፣ እሳቸው በዓይናቸው ይከተሉታል። እሳቸውን አንገት ድፉ አትላቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ደከመው ጎን አዙረው እንዲውጡ ነው የምታደርገው። ለምን ብዬ ብጠይቃት «የሁሉም ሰው በር አንድ ቦታ አይደለም የሚጎድለው፤ ፈትሼ ነው» አለችኝ። «ሱግ!» ትላቸዋለች፣ ቆይ ማለት ነው። «ሀዬ፣ ሀዬ» ይላሉ እሳቸው፣ እሺ ማለታቸው ነው። ሁለቱ ወንዶች እንደ ፊደል ተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው «አ!» «አ!» ሲባባሉ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። አዴር ኑር ከተሾመ በላይ ለመጮህ ሲታገሉ ማየት ነበር!

ሲስተር ሙሉ እንዲህ ስትጫወት ውላ ምሳዋን ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትበላው። ሌሎቹ ነርሶች ትሪ ከበው ሲሳሳቁ እሷ ብቻዋን ጥግ ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ አላምጣ። ኩራት መስሎኝ ነበር። ስንላመድ ጊዜ ጠየቅኳት።

«አስቱዬ፣ ሰው ጎርሶ ሲስቅ ማየት አልችልም» አለችኝ። «በሩ ሲከፈት ይታየኛል። የሚስቁት እነሱ፣ ትን የሚለው እኔን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞስ ከማን ጋር ልብላ? ጉርሻ ከከለከልኩ ወዲህ አንድ ሰው አጉርሶኝ አያውቅም። ይፈሩኛል። እኔ እኮ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ጉርሻ እወዳለሁ!» ብላ ሳቀች። ሳቁ እስከ መጨረሻው አልሄደም። አንጀቴን በላችው። ወደ ተሾመ ተመልሼ ነገርኩት፤ ያን ጊዜ አፉ ገና አልተፈታም፣ ሰማኝና ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ተሾመ ሌባ ሆነ። ከሁሉ የባሰበት የውሃ ጥም ነው፤ ወፍራም ነገር ብቻ እየዋጠ ከንፈሩ ደርቋል። አዴር ኑር ለጸሎት እጃቸውን የሚታጠቡበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ከነውሃው አጠገቡ ትተዋል። ዞር ስል በደህናው እጁ አንስቶ ጎንጨት አለ። ወዲያው ሳል! እንዴት ያለ ሳል! ፊቱ ቀላ፣ አልጋው ተንቀጠቀጠ፣ «ኡኡ! ልጄን ሳይድር ሞተብኝ!» ብዬ ጮህኩ። ሲስተር ሙሉ በሩጫ መጣች፣ ወደ ፊት ጎንበስ አድርጋ ያዘችው፣ ሲስል ሰማችው፣ ደግሞ ሲስል ሰማችው። ቀጥሎ ምን አደረገች? እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልልልል! አለች። ሆስፒታል ውስጥ! ዶክተሩ ራሱ ከቢሮው ወጥቶ መጣ።

«ሳለ!» ትለዋለች። «ዶክተር፣ ሳለልን እኮ! ፈታሹ ነቃ!»

አዴር ኑርም ያልገባቸውን እልልታ በጭብጨባ አጀቡት። እኔ እያለቀስኩ ሳቅኩ፣ አፌ ውስጥ ምንም አልነበረምና ተፈቅዶልኛል። ተሾመ ሳሉ ሲተወው ጠርሙሱን በጣቱ አሳያት፣ ልድገም ማለቱ ነው። እልልታዋን ያን ጊዜ ዋጠችው። «እስቲ ንካት! ነቃ አልኩ እንጂ ስራ ጀመረ አልኩ? ውሃ ገና ነው!» ብላ ጠርሙሱን ይዛው ሄደች።

ቱቦው ከፋሲካ በፊት ወጣለት። ዶክተሩ ራሱ ነው ያወጣው፣ ግን ዓይኑ ሲስተር ላይ ነበር፤ እሷ በአገጯ እሺ አለችው። ቤት ስንገባ አብራን መጥታ እኔን ፈተነችኝ፤ አጥሚቱን አወፍሬ፣ አስቀምጬ፣ አንገት አስደፍቼ፣ አ አስብዬ። ማንኪያዋን ሰጠችኝና ሄደች። ለሌላ በሽተኛ ሌላ ማንኪያ በፋሻ እንደምትጠቀልል አውቃለሁ።

ሰርጉ ደረሰ። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተጣለ፤ የኛ ምግብ በአንድ ወገን፣ ለሙስሊም እንግዶቻችን የተዘጋጀው በሌላ ወገን። አዴር ኑር በዱላ እየተደገፉ ከነልጆቻቸው መጡ። ሲስተር ሙሉን በግድ ነው ያመጣናት፣ ያስቀመጥናትም ተሾመ አጠገብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጋውን አየኋት፤ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ እጇን የምታስቀምጥበት ኪስ አጥታ ትቸገራለች። ወንበሯን ቀስ ብላ ወደ ድንኳኑ ሸራ ልታዞር ስትል ተሾመ በእግሩ ያዘባት።

ሜሮን አባቷን ልታጎርስ ተነሳች። ከበሮው ቆመ። ሙሽሪት ግን አላጎረሰችም፣ ዞራ ሲስተርን አየች። እኔም፣ እትዬ ወርቄም፣ ሚዜዎቹ ሁሉ ሲስተርን አየን። ሲስተር ጉርሻውን በዓይኗ ለካች። «ቀንሺለት» አለች። ቀነሰችለት። «ወጡ ውስጥ አርሺው።» አራሰችው። «አሁን አጉርሺ።» ተሾመ አንገቱን ደፋ፣ ዋጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ዋጠ። ድንኳኑ በሙሉ ትንፋሹን ይዟል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሱቁ ውስጥ ሹፌሮች ላይ በሚጮህበት በዚያ በድሮው ድምፁ «አ!» አለ። ያን ጊዜ የተነሳው እልልታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ መቀመጤ ነው። ተሾመ ግን ቀኝ እጁን፣ ያንን የዛለውን፣ ወደ ሰሃኑ ሰደደ። ሜሮን ልታግዘው ስትል በክንዱ መለሳት። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ እንጀራው አንዴ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል። ቀስ ብሎ ጠቀለለ፤ ትራስ አይደለም፣ ልኳን ያወቀች ጉርሻ። ወደ ሲስተር ሙሉ ዞረ። ለካ ያን ቀን አልተኛም፤ ሰምቶኛል።

ሴትዮዋ ድንግጥ አለች። አፏን ከፈተች፣ ጎረሰች፣ አንገቷን ደፋች። ተሾመ በፈገግታ እያያት «እስቲ ሲስተር፣ አ በይ» አላት። «አ» አለች። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለች ከኋላ አንዲት ድምፅ። እትዬ ወርቄ ናት። ሁለተኛውን ጉርሻ ይዛ ቆማለች፤ ግን እጇ አየር ላይ ቀርቷል፣ እንደዚያ ቀን የሚያዝባት መስሏት ፈርታለች። ሲስተር ሙሉ እጇን ዘርግታ ያንን እጅ ያዘችው። ወደ ራሷ አፍ ሳበችው።

ጎረሰች። እንባዋ ዓይኗ ጠርዝ ላይ መጥቶ ቆሟል፤ አንድ ጣቷን አንስታ ቆዩ አለችን። እንባውም ሰማት መሰለኝ፣ አልወረደም። አላመጠች፣ አንገቷን ደፋች፣ ዋጠች። «አ» አለች፣ ጥርት ብሎ። ከዚያ አለቀሰች።